በሕፃናት አንገት ላይ ስለሚወጣ ንፍፊት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ሆኖም በሽታን የሚደብቀው ሁልጊዜ በሽተኛው አይደለም። አንዳንድ ጊዜ በሽታው ራሱ ሳያቃጥልና ሳያሳምም፣ እንቅልፍም ሳይነሣ፣ በዝምታ ተቀምጦ ቤተ ሰብን ያዘናጋል። በሕፃናት አንገት ላይ የሚወጣው ንፍፊት አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌለው ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ከዚህ ዝምተኛ ወገን ይሆናል። ስለዚህ ወላጆችና አስተማሪዎች አንዱን ከሌላው ለይተው እንዲያውቁ በዚህ ወር ጽሑፋችን ስለ እርሱ በሰፊው ለመግለጽ አስበናል።

ነገሩን ለማስረዳት ያህል፣ በቃሊቲ በአንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ በጎረቤትነት የሚኖሩ ሁለት ሕፃናትን በሐሳባችን እንመልከት። አንደኛዋ የ3 ዓመት ልጅ ናት። ሰኞ ዕለት ጉንፋን ያዛት፤ ሐሙስ ዕለት ከመንጋጋዋ ሥር የርግብ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጣባት። እብጠቱ ቀልቷል፤ ሲነኩት ይሞቃል፤ ልጅቱም ታለቅሳለች፤ ትኩሳትም አላት። ሁለተኛው የ6 ዓመት ልጅ ነው። ይበላል፤ ይጫወታል፤ ትምህርት ቤትም ይውላል። ነገር ግን እናቱ ለፋሲካ ስታጥበው በአንገቱ ጎን ሁለት ሦስት ጠጣር እብጠቶች አግኝታ ነበር። አሁን ሐምሌ ገብቷል፤ እብጠቶቹም እንዳሉ ናቸው፤ እንዲያውም ተያይዘው አንድ ሆነዋል። አያመውም። በዚህ ምክንያት ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ሕፃኒቱ ሲጨነቅ፣ ስለ ልጁ ግን «የዕድገት ነው፣ ሲያድግ ይጠፋል» ብሎ ዝም ብሏል።

ሁለቱም ሐኪም ያስፈልጋቸዋል። የሕፃኒቱ በሽታ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ጮኸ ወላጆቿ ፈጥነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዷታል፤ በአንድና በሁለት ሳምንትም ውስጥ ትድናለች። የልጁ በሽታ ግን ዝም ስላለ ጊዜ አግኝቷል። ለረጅም ሕክምና የሚያሰጋውና ከቤተ ሰቡም ውስጥ ሌላ በሽተኛ መኖሩን ሊያመለክት የሚችለው ይኸው ዝም ያለው ነው። የጽሑፋችንም ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ንፍፊት ምንድን ነው?

በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥሮች ሌላ እጅግ የቀጠኑ የፈሳሽ መተላለፊያዎች አሉ። በእነዚህ መተላለፊያዎች መንገድ ላይ ደግሞ የሽምብራና የባቄላ ቅርጽ ያላቸው ትናንሽ ዕጢዎች እንደ ኬላ ተሠርተው ይገኛሉ። ቁጥራቸው በመላው ሰውነት ብዙ መቶ ነው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ተሰብስበዋል። ሥራቸውም በኬላ እንደ ቆመ ዘበኛ የሚያልፈውን እየፈተሹ፣ በቁስል ወይም በጉሮሮ በኩል የገባውን የበሽታ ጀርም ይዘው ማጥፋት ነው። ጀርሙ ሲበዛ ዘበኞቹም ይበዛሉ፤ ዕጢውም ያብጣል። ንፍፊት ወጣ የምንለው ይህን ነው።

ስለዚህ ንፍፊት በራሱ በሽታ አይደለም፤ በአቅራቢያው በሽታ መኖሩን የሚገልጽ ምልክት ነው። የእግር ጣት ሲቆስል በብሽሽት ንፍፊት እንደሚወጣ ሁሉ፣ የአንገት ንፍፊትም በጉሮሮ፣ በጥርስ፣ በጆሮ ወይም በራስ ቆዳ ላይ ባለ ሕመም ምክንያት ይመጣል። ልጆች ደግሞ በየጊዜው አዳዲስ ጀርሞች ስለሚገጥሟቸው፣ ጤናማ በሆነ ልጅ አንገት ላይ እንኳ ከሽምብራ የማይበልጥ፣ ሲነኩት የሚንሸራተትና የማያሳምም ትንሽ ንፍፊት ማግኘት የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ሊያስደነግጠን አይገባም።

ሦስቱ ዋና ዋና ዓይነቶች

1ኛ፤ ከጉንፋን ጋር የሚመጣው። ከሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። በቫይረስ ከሚመጣ ጉንፋን ወይም የጉሮሮ ሕመም ጋር በአንገት ግራና ቀኝ ይወጣል፤ ለስላሳና ትንሽ ነው፤ ሲነኩት ጥቂት ያሳምም ይሆናል። ጉንፋኑ ሲለቅ እርሱም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ለዚህ ዓይነቱ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አያስፈልግም፤ ቢሰጥም አይጠቅምም።

2ኛ፤ በባክቴሪያ የተመረዘው። ይህ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ ይታያል። በአንድ ወገን ብቻ፣ በተለይም ከመንጋጋ ሥር፣ በጥቂት ቀኖች ውስጥ በፍጥነት ያብጣል። ቆዳው ይቀላል፤ ይሞቃል፤ ሕፃኑም ያተኩሰዋል። ይህን የሚያመጡት በብዛት ስታፊሎኮከስና ስትሬፕቶኮከስ የተባሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። እነዚህም ከታመመ ጉሮሮ፣ ከተቦረቦረ ጥርስ፣ በፊትና በራስ ላይ ካለ ቁስል፣ ቅማልና እከክ ከሚያመጡት መቧጨር ተነሥተው ወደ ንፍፊቱ ይገባሉ። ሕክምና ሳያገኝ ከቆየ ውስጡ መግል ይቋጥራል።

3ኛ፤ የነቀርሳው ንፍፊት፣ ዛሬ በብዙው ቲቢ የሚባለው። ይህ በሳምንታትና በወሮች ውስጥ ቀስ እያለ ያድጋል። በመጀመሪያ ጠጣር ነው፤ አያሳምምም፤ ቆዳውም አይሞቅም። ጊዜ ሲያልፍ ብዙዎቹ ዕጢዎች እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ቆይቶም ውስጡ ይለሰልስና፣ ሳያቃጥል መግል ቋጥሮ፣ ቆዳውን ቀዶ ይፈሳል፤ ቁስሉም ቶሎ ሳይደርቅ ለብዙ ወሮች እያዠ ይኖራል። ልጁ ክብደት መቀነስ፣ የማታ ላብ፣ የቆየ ትኩሳትና ሳል ሊኖረው ይችላል፤ ግን ብዙ ልጆች ከንፍፊቱ በቀር ሌላ ምልክት አይታይባቸውም። ስለዚህ «ይበላል፣ ይጫወታል» ማለት «ነቀርሳ የለበትም» ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር እንግለጽ። በአገራችን ቋንቋ ነቀርሳ የሚለው ቃል ለቲቢም ለካንሰርም ሲነገር ይሰማል። በዚህ ምክንያት «የንፍፊት ነቀርሳ ነው» የተባለ ወላጅ ካንሰር መስሎት ተስፋ ሲቆርጥ ይታያል። የንፍፊት ቲቢ በመድኃኒት ፈጽሞ የሚድን በሽታ ነው። ወላጅ ይህን ቃል በሰማ ጊዜ «የትኛው ነው?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ መብቱ ነው።

ከእነዚህ ሦስቱ ሌላ ንፍፊት የሚመስሉ እብጠቶችም አሉ። ጆሮ ደግፍ የሚያሳብጠው ከጆሮ በታች ያለውን የምራቅ ዕጢ ነው፤ የመንጋጋውንም ማዕዘን ይሸፍነዋል። እንቅርት በአንገት ፊት ለፊት ነው፤ ሲዋጡ አብሮ ይንቀሳቀሳል። በአራስነቱ የቢሲጂ ክትባት የተከተበ ሕፃን ደግሞ በተከተበበት ክንድ በኩል በብብቱ ወይም ከማጅራት አጥንቱ በላይ ንፍፊት ሊያወጣ ይችላል። የደምና የንፍፊት ካንሰርም፣ ብዙ ጊዜ ባይገጥምም፣ በአንገት ንፍፊት ሊጀምር ይችላል። ይህን ሁሉ በቤት ውስጥ መለየት አይቻልም፤ የሐኪሙ ሥራ ነው።

ወላጅና አስተማሪ የሚያስተውሉት

በቤትም ሆነ በትምህርት ቤት አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

1. መቼ ወጣ? ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ስለ ሆነ፣ እብጠቱ የታየበትን ቀን በደብተር መጻፍ ይጠቅማል። «ቆየት ብሏል» ከማለት ይልቅ «ከሚያዝያ 20 ጀምሮ» ማለት ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው።

2. ምን ያህላል? ሽምብራ ነው፣ ባቄላ ነው፣ ወይስ የርግብ እንቁላል? በየሳምንቱ ያድጋል ወይስ ይቀንሳል?

3. ይሞቃል? ይቀላል? ያሳምማል?

4. ለብቻው ይንሸራተታል ወይስ ከሌላው ጋር ተጣብቋል?

5. በቤት ውስጥ ከ2 ሳምንት በላይ የሚያስል ወይም የነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ?

ከ2 ሳምንት በላይ ሳይቀንስ የቆየ፣ ወይም እያደገ የሚሄድ፣ ወይም ከማጅራት አጥንት በላይ ባለው ጎድጓዳ ስፍራ የወጣ ንፍፊት፣ ባያሳምምም እንኳ መመርመር አለበት።

ቀን ሳይሰጡ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ለመሮጥ የሚያስገድዱ ምልክቶችም አሉ። እነዚህም፤ ሕፃኑ ለመተንፈስ ሲቸገር፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ሲያዝረከርክ፣ አንገቱ ደርቆ አላዞር ሲል፣ አፉን መክፈት ሲያቅተው፣ ጡት ወይም ውኃ እንቢ ሲል፣ ሲፈዝዝ፣ ወይም ዕድሜው ከ3 ወር በታች ሆኖ ትኩሳትና እብጠት ሲኖረው ናቸው።

ሐኪሙ እንዴት ይመረምራል?

ሐኪሙ አንገቱን ብቻ አያይም። አፉን ከፍቶ ጥርሱንና ጉሮሮውን፣ ጆሮውን፣ የራሱን ቆዳ ይመለከታል፤ ብብቱን፣ ብሽሽቱንና ሆዱን ይዳስሳል፤ ሕፃኑንም ይመዝናል። ንፍፊቱ ምልክት ስለ ሆነ ምክንያቱን ከሥሩ መፈለጉ ነው።

ያበጠው ውስጥ መግል መኖሩን በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል። ነቀርሳ ከተጠረጠረ ግን ዋናው ምርመራ በቀጭን መርፌ ከንፍፊቱ ጥቂት ጠብታ መውሰድ ነው። ይህ ናሙና በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ እንዲሁም ጂን ኤክስፐርት በተባለው መሣሪያ ይመረመራል። ይህን መሣሪያ የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ተቀብሎ እንዲሠራበት መክሯል። መሣሪያው በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ የነቀርሳውን ጀርም መኖርና ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መቋቋም አለመቋቋሙን ያሳያል። ከዚህም ጋር የደረት ራጅና የኤች አይ ቪ ምርመራ ይደረጋል። የኤች አይ ቪው ምርመራ ማንንም ለመጠርጠር ሳይሆን የሕክምናውን መንገድ ለመወሰን ነው።

«መርፌ ከነካው ይብሳል» ብለው የሚፈሩ ሰዎች አሉ። ይህ ስሕተት ነው። በቀጭን መርፌ የሚወሰደው ናሙና በሽታውን አያሰራጭም። ጉዳት የሚያመጣው በምርመራ ያልታወቀውን ንፍፊት በምላጭ መቅደድ ነው፤ የነቀርሳ ንፍፊት ሲቀደድ ቁስሉ ሳይደርቅ እያዠ ይቀራልና። ስለዚህ ሐኪሙ ራሱ እንኳ ነቀርሳ ሲጠረጥር በመርፌ ይቀዳል እንጂ አይቀድም።

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው በመጀመሪያ ወደ ወረዳው ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ የሆነው ምርመራ በዚያው ክፍለ ከተማ ወዳለው ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል በማስተላለፊያ ወረቀት ይላካል። ወረቀቱን ተቀብሎ በኪስ ማስቀመጥ ግን ሕክምና አይደለም፤ በዚያው ሳምንት መሄድ ያስፈልጋል።

ሕክምናው

በባክቴሪያ ለተመረዘው ንፍፊት ሐኪሙ እንደ ሕፃኑ ክብደት መጠኑን ወስኖ ክሎክሳሲሊን፣ ሴፋሌክሲን ወይም እነዚህን የመሰለ መድኃኒት ያዛል። ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። በ2 ቀን ውስጥ መሻል ስላለበት፣ ካልተሻለ ወይም እብጠቱ ለስልሶ መግል ከቋጠረ ሕፃኑን እንደገና ማሳየት ይገባል፤ በዚያን ጊዜ ሐኪሙ በንጹሕ መሣሪያ መግሉን ያወጣዋል። ትኩሳቱ ስለ በረደ መድኃኒቱን በሦስተኛው ቀን ማቋረጥ፣ የተረፈውንም ለታናሽ ወንድሙ ማስቀመጥ፣ ያለ ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት መግዛት፣ ሦስቱም ጀርሙ መድኃኒቱን እንዲለምድ የሚያደርጉ ጎጂ ልማዶች ናቸው። ከዚህም ሌላ በስትሬፕቶኮከስ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በሚገባ ካልታከመ፣ ቆይቶ የልብን በሮች የሚያበላሽ በሽታ እንደሚያስከትል ማወቅ ያስፈልጋል።

የነቀርሳው ሕክምና ረዘም ያለ ነው። የተለመደው የ6 ወር ሕክምና በመጀመሪያዎቹ 2 ወሮች አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲን፣ ፒራዚናማይድና ኤታምቡቶል የተባሉትን አራቱን መድኃኒቶች፣ በቀሩት 4 ወሮች ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይይዛል። በ2022 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የዓለም ጤና ድርጅት ከ3 ወር እስከ 16 ዓመት ለሆኑና በሽታቸው ላልከበደ ልጆች፣ የንፍፊት ነቀርሳ ጭምር፣ የ4 ወር ሕክምና እንደሚበቃ መክሯል። ለየትኛው ልጅ የትኛው እንደሚሰጥ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ወላጅ በገዛ ፈቃዱ ሊያሳጥረው አይችልም። ለሕፃናት በውኃ የሚሟሟ፣ የፍራፍሬ ጣዕም ያለው እንክብል ተዘጋጅቷል። መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋሞች ያለ ክፍያ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ወላጆችን የሚያደናግሩ ሁለት ነገሮችን አስቀድመን እንንገራቸው። ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ ደም አይደለም፣ ጉዳትም የለውም። ሁለተኛም፣ ሕክምናው እየተሰጠ ሳለ ንፍፊቱ ለጥቂት ጊዜ ሊያድግ ወይም አዲስ ሊወጣ ይችላል። ይህ የሚሆነው የልጁ ሰውነት በርትቶ ከሞተው ጀርም ጋር ስለሚታገል ነው፤ ብዙ ጊዜም «መድኃኒቱ አልሠራም» ማለት አይደለም። ወደ ሐኪሙ ሄዶ ማሳየት እንጂ መድኃኒቱን ማቆም ፈጽሞ አይገባም። ዓይኑ ቢጫ ቢሆን፣ ደጋግሞ ቢያስመልሰው ግን በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ሕክምናውን የሚያሰናክለው ብዙ ጊዜ የመድኃኒት እጦት ሳይሆን መሻል ነው። በሁለተኛው ወር ልጁ ይወፍራል፤ ይቦርቃል፤ ወላጅም «ድኗል» ብሎ ይዘናጋል። ጀርሙ ግን ገና አልጠፋም። በዚህ ጊዜ የተቋረጠ ሕክምና በሽታውን ይመልሰዋል፤ የተመለሰውም መድኃኒት የለመደ ሊሆን ይችላል።

ነገሥታት ያልፈወሱት በሽታ

የአንገት ነቀርሳ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። በእንግሊዝና በፈረንሳይ ለብዙ መቶ ዓመታት ሕዝቡ ይህን በሽታ ንጉሥ በእጁ ቢነካው ይድናል ብሎ ያምን ስለ ነበር፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቤተ መንግሥት ይሄዱ ነበር። በ1712 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በኋላ የታወቀ ደራሲና መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሆነው ሳሙኤል ጆንሰን ገና ሕፃን ሳለ ወደ ንግሥት አን ተወስዶ ተዳስሷል። አልዳነም፤ በአንገቱም የቀረው ጠባሳ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ኖሯል።

ታዲያ ይህ እምነት ለምን ያን ያህል ዘመን ቆየ? ምክንያቱም የአንገት ንፍፊት አንዳንድ ጊዜ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል፤ ከጉንፋን የመጣውማ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይጠፋል። በዚያ ጊዜ ምስጋናውን የሚወስደው በአጠገብ የተገኘው እጅ ነው። ዛሬም በእኛ ዘንድ በመተኮስ፣ በመብጣት፣ በማሸትና ቅጠል በመለጠፍ ዳነ የሚባለው ልጅ ብዙ ጊዜ ባይነካም ይድን የነበረ ነው። ነቀርሳ ያለበት ግን በዚያ መንገድ አይድንም፤ ወሮቹ ያልፉበታል፤ በምላጩም ሌላ በሽታ ይጨመርበታል። እንጥል ማስቆረጥም ከዚሁ ወገን ነው፤ ለንፍፊትም ለጉሮሮም አይፈይድም፤ ደም በማፍሰስና ቁስል በማመርቀዝ ሕፃናትን ለሞት ይዳርጋል። ይህን የሚያደርጉ ወላጆች ልጃቸውን ስለሚወዱ ያደርጉታልና፣ አስተማሪዎች ሲመክሩ በተግሣጽ ሳይሆን በማስረዳት ቢሆን ይሰማሉ።

በሽታውን ከንጉሥ እጅ ወደ ሐኪም እጅ ያሻገረው ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ ነው። እርሱም መጋቢት 24 ቀን 1882 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የነቀርሳን ጀርም ማግኘቱን በበርሊን አስታወቀ። በ1943 ደግሞ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው የመጀመሪያው የነቀርሳ መድኃኒት በአሜሪካ ተገኘ። ንግሥት ያላዳነችውን ዛሬ የቃሊቲ ጤና ጣቢያ ነርስ በየዕለቱ በምትሰጠው እንክብል ታድነዋለች።

በአገራችን ለምን በዛ?

በኢትዮጵያ ከሚመዘገቡት የነቀርሳ በሽተኞች ከሦስቱ አንዱ ያህል በሽታው ከሳንባ ውጭ ነው፤ ከእነዚህም የሚበዛው የንፍፊት ነቀርሳ ነው። ይህ ከብዙ አገሮች ከፍ ያለ ነው። ብዙ ሰዎች ምክንያቱ ጥሬ ወተት ይመስላቸው ነበር፤ የላም ነቀርሳ በወተት ወደ ሰው እንደሚተላለፍ የታወቀ ነውና። ይሁን እንጂ በአገራችን በሽተኞች ላይ ተደርጎ በ2015 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከበሽተኞቹ የተገኘው ጀርም ከሞላ ጎደል ሁሉ የሰው ነቀርሳ ሲሆን የላሙ እጅግ ጥቂት ነው፤ ለብዛቱም አንድ ብቸኛ ምክንያት አልተገኘም።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ወተት ማፍላት አይቀርም፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ላሞች ዘንድ የላም ነቀርሳ አለና፣ ጥሬ ወተትም ሌሎች በሽታዎችን ያስተላልፋል። ሁለተኛና ዋናው ግን፣ የልጁ ንፍፊት ምንጭ ብዙ ጊዜ በዚያው ቤት ወይም በዚያው ግቢ የሚያስል ሰው መሆኑን ማወቅ ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ የንፍፊት ነቀርሳ ተገኘበት ማለት ለቤተ ሰቡ ሁሉ የተደወለ ደወል ነው። አብረውት የሚኖሩት ሁሉ ይመርመሩ፤ በቤት ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ከተገኘም ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ በሽታው ባይኖርባቸውም፣ የመከላከያ መድኃኒት እንዲሰጣቸው ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል።

መከላከያው

1. ሕፃኑ እንደ ተወለደ የቢሲጂ ክትባት ይከተብ። ክትባቱ ነቀርሳን ፈጽሞ ባይከለክልም፣ ሕፃናትን ከሚገድሉት ከባድ ዓይነቶች፣ በተለይም ወደ አንጎል ከሚወጣው፣ ይጠብቃል። በአገራችን የክትባት ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1980 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አንሥቶ ከሚሰጡት አንዱ ነው።

2. መስኮት ይከፈት። በቃሊቲ ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ ክፍል ይኖራል፤ ብርድ ይመታናል በማለትም መስኮቱ ሌት ተቀን ተዘግቶ ይውላል። በታክሲና በአውቶቡስም እንዲሁ ነው። የነቀርሳ ጀርም ግን በአየር ይተላለፋል፤ በታፈነ ክፍል ይቆያል፤ ንጹሕ አየርና የፀሐይ ብርሃን ባለበት ይዳከማል።

3. የልጆች ጥርስ በየቀኑ ይቦረሽ፤ የተቦረቦረውም ይታከም። ራሳቸው ከቅማልና ከጭርት፣ ገላቸው ከእከክ ይጠበቅ። ጥፍራቸው ይቆረጥ፤ እጃቸው በሳሙና ይታጠብ። ትንሽ ጭረት በንጹሕ ውኃና በሳሙና ቢታጠብ ትልቅ ንፍፊትን ያስቀራል።

4. ወተት ይፈላ።

5. ከ2 ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው ይመርመር፤ ሲያስልም አፉን ይሸፍን።

የአስተማሪው ድርሻ

አስተማሪ በቀን ብዙ ሰዓት ከልጆቹ ፊት የሚቆም ስለ ሆነ፣ ወላጅ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ በሚገባበት በፋብሪካ ሰፈር የልጁን አንገት በብርሃን የሚያይ ብዙ ጊዜ እርሱ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያየውን ለወላጅ በጨዋነት ያስታውቅ፤ «በልጅዎ አንገት ላይ እብጠት አይተናል፤ ለጤና ጣቢያ ቢያሳዩት መልካም ነው» የሚል አጭር ወረቀት ይበቃል።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላም ድርሻ አለው። የነቀርሳ ንፍፊት ብቻ ያለበት ልጅ፣ በሳንባው በሽታ እስከሌለበት ድረስ፣ በሽታውን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። አብሮት መቀመጥ፣ በአንድ ገበታ መብላት፣ አብሮት መጫወት አያስፈራም። ሐኪሙ ትምህርት ቤት እንዲውል ከፈቀደለት ማንም ሊከለክለው አይገባም። አንገቱ ላይ ፋሻ ያለበትን ልጅ ሌሎቹ እንዳይሸሹት፣ ስምም እንዳያወጡለት፣ ለብቻውም ከኋላ እንዳይቀመጥ መጠበቅ የአስተማሪው ግዴታ ነው። ልጅ ስለ በሽታው ካፈረ ይደብቀዋል፤ መድኃኒቱንም ይተዋል። በመጀመሪያ የጠቀስነው ምሳሌም የሚፈጸመው ያን ጊዜ ነው።

ወደዚያ ግቢ እንመለስና ነገራችንን እንጨርስ። ሕፃኒቱ በአሥረኛው ቀን ድና እብጠቷ ጠፍቷል። የልጁም አንገት በአስተማሪው ወረቀት ምክንያት በሐምሌ ተመርምሮ መድኃኒት ቢጀመርለት፣ ሙሉውን ስድስት ወር እንኳ ቢወስድ በጥር ይፈጽማል፤ በቤቱም የሚያስለው ሰው ተገኝቶ ይታከማል። ወረቀቱ ባይጻፍ ግን ለሚመጣው ፋሲካ እናቱ ስታጥበው የምታገኘው ጠጣር እብጠት ሳይሆን የሚያዥ ቁስል ይሆናል። እንግዲህ አንባቢዎቻችን ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ስታጥቡ፣ ነገም ተማሪዎቻችሁን በሰልፍ ስታቆሙ፣ አንገታቸውን እንድትመለከቱ አደራ እንላለን።